የስታር ፊልም አነሳስና አወዳደቅ፦ ተረት፣ ትረካና ገበያ በዦርዥ ሜሊየስ ሥራዎች

1. መግቢያ

የአንድ የኪነጥበብ ድርጅት ታሪክ በሁለት መንገድ ሊጻፍ ይችላል። የመጀመሪያው የገቢና የወጪ መዝገቡን ተከትሎ የሚሄደው ነው፤ ድርጅቱ መቼ እንደተቋቋመ፣ ምን እንዳተረፈ፣ ከማን እንደተበደረና መቼ እንደከሰረ ይነግረናል። ሁለተኛው ድርጅቱ ያወጣቸውን ሥራዎች አንድ በአንድ እያነሳ ቅርጻቸውንና ይዘታቸውን የሚመረምረው ነው። እነዚህ ሁለት መንገዶች ብዙውን ጊዜ ሳይገናኙ ይቀራሉ። በመሆኑም ነጋዴው ስለምን እንደከሰረ የተረዳ አንባቢ ከያኒው ምን እንደፈጠረ አያውቅም፤ የከያኒውን ፈጠራ የሚያደንቀውም ያ ፈጠራ እንዴት ተሸጦ፣ በማን እጅ ገብቶ እንደጠፋ ሳይጠይቅ ያልፋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን መንገዶች ማገናኘት ነው። ለዚህም ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜሊየስ በ1896 የመሠረተውንና በ1913 ፊልም መሥራቱን ያቆመውን «ስታር ፊልም» የተባለ ድርጅት በምሳሌነት ይወስዳል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስታር ፊልም በነዚህ አሥራ ሰባት ዓመታት ውስጥ ከ500 በላይ ድምፅ አልባ ፊልሞችን አውጥቷል። ስለ ውድቀቱ የሚሰጡት ምክንያቶች በሁለት ይጠቃለላሉ። አንደኛው ወገን ሜሊየስ በአተራረክ ወደኋላ ስለቀረ ወደቀ ይላል። ሌላው ወገን የሥራ ፈጠራውን ቀምተው ያከሰሩት ታላላቅ ነጋዴዎች ናቸው ይላል። በእኔ እምነት ሁለቱም ግማሽ እውነት ናቸው። ምክንያቱም በስታር ፊልም የአተራረክ ስልቱና የአሠራር ሥርዓቱ ሊነጣጠሉ የማይችሉ ነበሩ፤ አንዱ የቆመው በሌላው ላይ ነበር፤ ሲወድቁም የወደቁት አብረው ነው። ይህን ለማሳየት በመጀመሪያ ስለ ድርጅቱ አመሠራረት፣ ቀጥሎ ስለ ፊልሞቹ አተራረክ፣ ከዚያም ስለ ቅጂና ባለቤትነት ጉዳይ እንመለከታለን። በመጨረሻም ሐያሲያን ለሜሊየስ የሰጡትን ፍርድ እንመዝናለን።

2. ከምትሃት መድረክ ወደ መስታወት ቤት

ሜሊየስ በ1861 ፓሪስ ከተማ ውስጥ ከአንድ ባለጠጋ ጫማ አምራች ቤተሰብ ተወለደ። በ1888 በቤተሰቡ ድርጅት ውስጥ የነበረውን ድርሻ ለወንድሞቹ ሸጦ በታዋቂው ምትሃተኛ ስም የሚጠራውን የሮቤር ኡደን ቴአትር ቤት ገዛ። በዚህ ቤት ለዓመታት ምትሃቶችን ሲፈጥር፣ መድረክ ሲያዘጋጅና ራሱም ሲጫወት ኖሯል። እንግዲህ ሜሊየስ ወደ ፊልም ሲመጣ ባዶ እጁን አልመጣም። የተመልካችን ዓይን ወዴት እንደሚመራና ከምን እንደሚከልል አስቀድሞ ያወቀ ሰው ነበር።

ታኅሣሥ 28 ቀን 1895 የሉሚየር ቤተሰብ ሲኒማቶግራፍ የተባለውን መሣሪያ በፓሪሱ ግራን ካፌ ለሕዝብ ሲያሳይ ሜሊየስ ከተመልካቾቹ አንዱ ነበር። ኋላ ራሱ እንደተረከው መሣሪያውን እዚያው ለመግዛት ቢጠይቅም ባለቤቶቹ አልሸጥም አሉት። እርሱም ተስፋ ሳይቆርጥ በ1896 መጀመሪያ ላይ ከእንግሊዛዊው ሮበርት ፖል የፊልም ማሳያ መሣሪያ ገዝቶ፣ ፈታቶ ከመረመረ በኋላ ወደ ማንሻ ካሜራ ለወጠው። በዚያው ዓመት ፊልም ማንሳት ጀመረ፤ ድርጅቱንም ስታር ፊልም ብሎ ሰየመው፤ ኮከብንም ምልክቱ አደረገ።

በ1897 ከፓሪስ አጠገብ በምትገኘው ሞንትሮይ፣ በቤተሰቡ ይዞታ ላይ፣ ግድግዳውና ጣሪያው መስታወት የሆነ ስቱዲዮ አሠራ። መስታወት ያስፈለገው ፊልሙ የሚነሳው በፀሐይ ብርሃን ስለነበር ነው። የስቱዲዮው መድረክ ስፋት በሮቤር ኡደን ቴአትር መድረክ ልክ የተወሰነ ሲሆን፣ ሰው ብቅ የሚልባቸውና የሚሰወርባቸው ቀዳዳዎችም ነበሩት። መሣሪያው አዲስ ቢሆንም ቤቱ የተሠራው በአሮጌው መድረክ ልክ መሆኑን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እሻለሁ። ኋላ የምናነሳው የአተራረክ ጥያቄ ሥሩ እዚህ ነው።

በሞንትሮይ የሥራ ክፍፍል ነበር ለማለት ያስቸግራል። ታሪኩን የሚያስበው፣ ትዕይንቱን በንድፍ የሚያወጣው፣ የመድረኩን ሸራ የሚቀባው፣ ተዋናዮቹን የሚያሰለጥነውና ዋናውን ገጸባህርይ የሚጫወተው ራሱ ሜሊየስ ነው። የዚያን ጊዜ ፊልም ቀለማትን አዛብቶ ያወጣ ስለነበር መድረኩ ሁሉ የሚቀባው በግራጫ ቀለም፣ ከነጭ እስከ ጥቁር ባለው እርከን ነበር። ቀለም የሚፈልጉ ገዥዎች ሲመጡ ደግሞ ቅጂው ወደ ኤልሳቤት ቱዪሊየ የቀለም ቤት ይላክና ሴት ሠራተኞች እያንዳንዱን ምስል በብሩሽ ይቀቡታል። ባጭሩ ስታር ፊልም ፋብሪካ ሳይሆን የእጅ ባለሙያ ቤት ነበር። አንድ ቅጂ ከሌላው የቀለም አጣጣሉ የሚለያይበት፣ የመጽሐፍ ገልባጮችን ሥራ የሚያስታውስ ቤት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

3. ክርና ዶቃ፦ የሜሊየስ አተራረክ

የስታር ፊልምን አተራረክ ለመመርመር ከሁሉ የሚመቸው በ1902 የወጣው «ጉዞ ወደ ጨረቃ» ነው። ፊልሙ 260 ሜትር ርዝመትና 30 ትዕይንቶች ያሉት ሲሆን፣ እንደ ሜሊየስ አነጋገር 10,000 ፍራንክ ያህል ወጥቶበታል፤ ይህም ለዚያ ዘመን እጅግ ከፍተኛ ወጪ ነው። ታሪኩ ሲጠቃለል እንደሚከተለው ነው። ፕሮፌሰር ባርበንፉዪ የተባለ ሊቅ በሊቃውንት ጉባኤ ፊት ወደ ጨረቃ የመሄድ ሐሳብ ያቀርባል፤ ከጥቂት ክርክር በኋላ ስድስት ሆነው በትልቅ ጥይት ውስጥ ገብተው ከመድፍ ይተኮሳሉ፤ ጨረቃ ላይ ያርፋሉ፤ በዋሻ ውስጥ ከጨረቃ ሰዎች ጋር ይጋጫሉ፤ ይማረካሉ፤ አምልጠው ወደ ምድር ይመለሳሉ፤ በክብርም ይቀበሏቸዋል።

ከሥነጽሑፍ አንጻር የመጀመሪያው ጥያቄ ታሪኩ ከየት መጣ የሚለው ነው። መድፉና ጥይቱ ዡል ቬርን በ1865 ካሳተመው ልቦለድ የተወሰዱ ናቸው። ነገር ግን በቬርን ልቦለድም ሆነ በተከታዩ ክፍል መንገደኞቹ ጨረቃን ዞረው ይመለሳሉ እንጂ አያርፉባትም። በጨረቃ ሆድ ውስጥ የሚኖሩት ፍጥረታት በ1901 ከወጣው የኤች ጂ ዌልስ ልቦለድ ጋር ይዛመዳሉ። ስለዚህ ሜሊየስ በቬርን ተነስቶ በዌልስ አረፈ ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ከሁለቱም ያልወሰደው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ቬርን ስለ ፍጥነትና ስለ ክብደት እያሰላ አንባቢውን «ይህ ሊሆን ይችላል» ለማሰኘት ይደክማል። ዌልስ ማኅበራዊ ጥያቄ ያነሳል። ሜሊየስ ግን «ይህ ሊሆን ይችላል» ብሎ ለማሳመን ፈጽሞ አይሞክርም። ሊቃውንቱ እንደ ጠንቋይ የሾጠጠ ቆብ ደፍተው ይመጣሉ፤ አንዱ ጃንጥላውን መሬት ላይ ሲተክል ጃንጥላው ትልቅ እንጉዳይ ይሆናል፤ የጨረቃ ሰው በጃንጥላ ሲመታ ጢስ ሆኖ ይጠፋል።

ይህን ልዩነት ለመግለጽ በቋንቋችን ካሉት ቃላት መካከል «ልቦለድ»ና «ተረት» የሚሉት ሁለቱ በቂ ናቸው። ተረት ነጋሪ «ተረት ተረት» ሲልና አድማጭ «የላም በረት» ብሎ ሲመልስ በሁለቱ መካከል ውል ይፈጸማል። ከዚያ በኋላ ጅብ ቢናገር፣ ድንጋይ ቢሄድ፣ «ይህ እንዴት ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ ውል ማፍረስ ነው። የሜሊየስ ፊልም የሚጀምረው በእንዲህ ያለ ውል ነው። ገጸባህርያቱ ወደ ካሜራው ዞረው እጅ ይነሳሉ፤ በእጃቸው እየጠቆሙ «ተመልከቱ» የሚሉ ይመስላሉ። ተመልካቹ በቁልፍ ቀዳዳ የሚያይ ምስጢረኛ ሳይሆን ፊት ለፊት የተቀመጠ፣ የተከበረ ታዳሚ ነው።

ነጋሪውም በምሳሌ ብቻ ያለ አልነበረም። እነዚህ ፊልሞች በምስሎቹ መካከል የሚነበብ ጽሑፍ አልነበራቸውም። በብዙ አዳራሾች ከሸራው አጠገብ የቆመ ሰው ታሪኩን በቃል ይተርክ ነበር፤ ድርጅቱም በሽያጭ ካታሎጎቹ ውስጥ ትዕይንቱን በትዕይንት የሚያስረዳ ጽሑፍ ያወጣ ነበር። እንግዲህ «ድምፅ አልባ» የሚለው ስያሜ ለፊልሙ ጥቅል ትክክል ቢሆንም ለዝግጅቱ ትክክል አይደለም። የፊልሙን ግማሽ ትርጉም የሚሸከመው የነጋሪው አንደበት ነበር። ዛሬ ያለ ነጋሪ የምናየው ሰዎች «ሴራው ልል ነው» ብለን ስንፈርድ የምንፈርደው በግማሽ ሥራ ላይ ነው።

ስለ ሴራ ካነሳን ዘንድ፣ ሜሊየስ በስተርጅናው ታሪክ ለእርሱ ለብልሃቶቹና ለትዕይንቶቹ ማስታጠቂያ ሰበብ ብቻ እንደነበረ ተናግሯል። ሴራው ክር፣ ትዕይንቶቹ ደግሞ ዶቃዎች ናቸው። ዶቃው ከዶቃው የሚያያዘው በምክንያትና ውጤት ሳይሆን በክሩ ነው። የዚህ አተራረክ ልዩ ባሕርይ ከሁሉ ይልቅ በጊዜ አያያዙ ይታያል። በ«ጉዞ ወደ ጨረቃ» ጥይቱ የጨረቃን ዓይን ሲወጋ እናያለን፤ ይህ በሲኒማ ታሪክ ከታወቁት ምስሎች ዋነኛው ነው። በሚቀጥለው ትዕይንት ግን ያው ጥይት እንደገና ሲወርድና ጨረቃ ላይ ሲያርፍ እናያለን። አንድ ድርጊት ሁለት ጊዜ ተከሰተ። ከዚያ በኋላ በመጣው የትረካ ሕግ ይህ ስሕተት ነው። በተረት ሕግ ግን ስሕተት አይደለም፤ ነጋሪው በመጀመሪያ ቀልዱን፣ ቀጥሎ ጉዞውን ነገረን እንጂ ሰዓት አልቆጠረልንም።

የፊልሙ ይዘትም ያለ ቁምነገር ነው ማለት አይቻልም። ሊቃውንቱ የሚማረኩበት አገር ሄደው ንጉሡን ይገድላሉ፤ ከጥይቱ ጋር ተንጠልጥሎ የመጣውን የጨረቃ ሰው በአደባባይ ያስጨፍሩታል፤ ለመሪያቸው ሐውልት ይቆማል። ፊልሙ የወጣው የአውሮፓ መንግሥታት የሌላውን አገር በመያዝና «አገር አገኘን» ባሉ መንገደኞቻቸው በመኩራት ላይ በነበሩበት ዘመን ነው። ሜሊየስ በዚህ ላይ እያፌዘ ይሁን አብሮ እየሳቀ፣ ሐያሲያን ይከራከሩበታል። የሊቃውንቱ አለባበስና መንተፋተፍ ግን ፌዙን የሚያጠናክር ይመስለኛል።

4. በሜትር የተሸጠ ሥራ

አሁን ወደ ገበያው እንለፍ። ስታር ፊልም ፊልሞቹን ይሸጥ የነበረው በሜትር ነው። በካታሎጉ አንድ ተራ ቁጥር 20 ሜትር ፊልምን ይወክላል፤ «ጉዞ ወደ ጨረቃ» ከ399 እስከ 411 ያሉትን አሥራ ሦስት ቁጥሮች የያዘው ርዝመቱ 260 ሜትር ስለሆነ ነው። በ1899 የወጣው «የድሬይፈስ ጉዳይ» ደግሞ አሥራ አንድ ክፍሎች ነበሩት፤ ገዥው የሚፈልገውን ክፍል ለይቶ መግዛት ይችል ነበር። እንደ አቡጀዲ ተለክቶ የተሸጠ ፊልም ከሱቅ ከወጣ በኋላ የገዥው ነው። ገዥው ይቆርጠዋል፣ ይቀጥለዋል፣ ቅደም ተከተሉን ይለውጣል፣ የራሱን ነጋሪ ያቆምለታል፣ እስኪያልቅ ድረስ ከገበያ ገበያ ይዞት ይዞራል።

ይህ የአሻሻጥ ሥርዓትና ከላይ ያየነው የክርና ዶቃ አተራረክ አንድ ዓይነት መሆናቸውን ልብ ይሏል። ትዕይንቱ ራሱን ችሎ የሚቆም በመሆኑ ተለይቶ ሊሸጥ ይችላል፤ ተለይቶ የሚሸጥ በመሆኑም ራሱን ችሎ መቆም አለበት። ስለዚህ የሜሊየስን ትዕይንቶች መበታተን የችሎታ ማነስ አድርጎ ማየት ገበያው የጠየቀውን ቅርጽ ለደራሲው ጉድለት መስጠት ነው።

ይህ ሥርዓት ግን አንድ ክፉ ቀዳዳ ነበረው። የተሸጠ ቅጂ ዳግመኛ ሊቀዳ ይችላል። «ጉዞ ወደ ጨረቃ» አሜሪካ ሲደርስ የኤዲሰንን ጨምሮ በርካታ ድርጅቶች ከአንድ ቅጂ ብዙ ቅጂ እያወጡ ሸጡት። ፊልሙ በአሜሪካ እጅግ የተወደደ ሲሆን፣ ከዚያ ሁሉ ገቢ ለሠሪው የደረሰው ጥቂቱ ነው። ሜሊየስ ይህን ለመከላከል የኮከብ ምልክቱን በትዕይንቱ ውስጥ፣ በመድረኩ ዕቃ ላይ ሳይቀር መሳል ጀመረ። በ1903 ታላቅ ወንድሙ ጋስቶን በኒው ዮርክ ቅርንጫፍ ከፍቶ ፊልሞቹን በባለቤትነት መብት ማስመዝገብ ያዘ፤ በሞንትሮይም አንዱ ለአውሮፓ፣ አንዱ ለአሜሪካ የሚሆን ሁለት ኔጋቲቭ በአንድ ጊዜ ይነሳ ጀመር። ደራሲነት በሲኒማ ዓለም ሕጋዊ ጥያቄ ሆኖ መነሳቱ ከነዚህ ዓመታት ጋር የተያያዘ ነው።

5. የቤቱ መፍረስ

ውድቀቱን ያመጣው ግን ሌብነት ብቻ አልነበረም። በ1907 የፓቴ ወንድማማቾች ድርጅት ፊልምን መሸጥ ትቶ ማከራየት ጀመረ። ይህ ለውጥ ቀላል ቢመስልም የሙያውን መሠረት ያናጋ ነው። ሽያጭ ሲቀር ፊልሙ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ አዳራሹ ግን በየሳምንቱ አዲስ ፊልም ይጠይቃል። በመሆኑም አትራፊው ረጅም ጊዜ የሚቆይ አንድ ድንቅ ፊልም የሚሠራው ሳይሆን በየሳምንቱ ሳያቋርጥ የሚያቀርበው ሆነ። ፓቴና ጎሞን ብዙ አዘጋጆችንና ሠራተኞችን የያዙ ሰፋፊ ስቱዲዮዎች ነበሯቸው። ስታር ፊልም ያለው አንድ ሜሊየስ ነው።

በ1908 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ በኤዲሰን መሪነት የፊልም ባለቤቶች ማኅበር ሲቋቋም ስታር ፊልምም አባል ሆነ፤ አባልነቱ ግን በየጊዜው በቂ ፊልም የማቅረብ ግዴታ ነበረበት። ሞንትሮይ ይህን ማድረግ ስላልቻለች ጋስቶን ራሱ በአሜሪካ ፊልም ማንሳት ጀመረ። በ1910 ወደ ቴክሳስ፣ በ1911 ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ የፈረሰኛና የላም ጠባቂ ታሪኮችን አወጣ። በ1912 ደግሞ ባልደረቦቹን ይዞ ወደ ፓስፊክ ደሴቶችና ወደ እስያ ተጓዘ፤ ጉዞው በኪሳራ አበቃ። በተመሳሳይ ጊዜ በ1909 በፓሪስ የፊልም አምራቾች ጉባኤ ተካሂዶ ኪራይ የሽያጭን ቦታ እንዲወስድ መንገዱ ተጠረገ። የጉባኤው ሊቀመንበር ሜሊየስ ነበር። የራሱ ቤት የቆመበትን ምሰሶ የነቀለው ጉባኤ በእርሱ ሊቀመንበርነት መካሄዱ የታሪኩ አሳዛኝ ምጸት ነው።

በ1911 ሜሊየስ ከፓቴ ጋር ተዋዋለ። ፓቴ ለፊልሞቹ ገንዘብ ሊሰጥና ሊያከፋፍላቸው፣ ሜሊየስም የሞንትሮይን ቤቱንና ስቱዲዮውን በመያዣነት ሊያቀርብ ተስማሙ። በዚህ ውል ከተሠሩት ፊልሞች አንዱ በ1912 የወጣው «ዋልታን ድል መንሳት» ነው። ይህ ፊልም ከ«ጉዞ ወደ ጨረቃ» ጋር ሲነጻጸር የሴራው አጽም አንድ ነው። የሊቃውንት ጉባኤ አለ፤ የመጓጓዣው ሥራ አለ፤ የሰማይ ጉዞ አለ፤ ጭራቅ አለ፤ በክብር መመለስ አለ። መንገደኞቹን የሚውጠው ግዙፍ የበረዶ ጭራቅ በብዙ ሠራተኞች የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት ሲሆን፣ በእጅ ሥራነቱ የሜሊየስ ጥበብ ጫፍ ነው ለማለት ያስደፍራል። ነገር ግን ፊልሙ በወጣበት ጊዜ ፒሪ ሰሜን ዋልታ ደረስኩ ካለ ሦስት ዓመት፣ አሙንድሰን ደቡብ ዋልታን ከረገጠ ወራት አልፈዋል። ዋልታ ከተረት አገርነት ወጥቶ የጋዜጣ ወሬ ሆኗል። ተመልካቹም በዚያው ዘመን ግሪፊዝን ከመሳሰሉ አዘጋጆች ሌላ ዓይነት ትረካ እየለመደ ነበር። በሁለት ቦታ የሚፈጸሙ ድርጊቶች እየተፈራረቁ የሚታዩበት፣ ካሜራው ወደ ፊት ተጠግቶ ስሜትን የሚያሳይበት፣ «ይደርስላት ይሆን?» የሚያሰኝ ልብ ሰቀላ የነገሠበት ትረካ ነው። ውሉ ሥራዎቹን የማሳጠር መብት ለፓቴ ይሰጥ ስለነበር የድርጅቱ አዘጋጅ ፈርዲናን ዜካ አንዳንዶቹን ቆራረጣቸው። በ1913 ውሉ ፈረሰ፤ ሜሊየስም ከዚያ በኋላ ፊልም አልሠራም።

የቀረው ታሪክ የፍርስራሽ ታሪክ ነው። በ1914 የተነሳው ጦርነት ዕዳን ለጊዜው ያስቆመ ሕግ ስላመጣ ንብረቱ ወዲያው አልተወሰደም፤ ሁለተኛው ስቱዲዮም ለጥቂት ዓመታት ቴአትር ቤት ሆኖ አገለገለ። በጦርነቱ ጊዜ የፈረንሳይ ጦር ከ400 በላይ የሚሆኑ የስታር ፊልም ቅጂዎችን ወስዶ ለጥሬ ዕቃነት አቀለጣቸው፤ ከዚያ የወጣው ሴሉሎይድ ለወታደር ጫማ ተረከዝ እንደዋለ ይነገራል። የጫማ አምራቹ ልጅ ከጫማ ሸሽቶ የሠራው ሥራ ተመልሶ ጫማ ሆነ ማለት ነው። በ1923 የሮቤር ኡደን ቴአትር ለመንገድ ማስፋፊያ ፈረሰ፤ የሞንትሮይ ይዞታም ለዕዳ ሄደ። በዚያው ዓመት ሜሊየስ የቀሩትን ኔጋቲቮች በራሱ እጅ አቃጠላቸው። ከዚያ በኋላ በሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ ከባለቤቱ ጋር ከረሜላና መጫወቻ እየሸጠ ኖረ። ጋዜጠኞች አግኝተውት በ1929 በፓሪስ ታላቅ የክብር ምሽት ተደረገለት፤ በ1931 የክብር ሌጅዮን ኒሻን ተሸለመ፤ በ1938 አረፈ።

6. የሐያሲያን ሚዛን

የመጀመሪያዎቹ የፊልም ታሪክ ጸሐፊዎች ለሜሊየስ የሰጡት ቦታ የመቅድም ቦታ ነው። ታዋቂው ፈረንሳዊ ታሪክ ጸሐፊ ዦርዥ ሳዱል የሜሊየስ ካሜራ በቴአትር አዳራሽ መካከል ካንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከማይነቃነቅ ተመልካች ዓይን እንደማይለይ ጽፏል። አባባሉ ትክክለኛ መግለጫ ሲሆን፣ በተከታዮቹ ዘንድ ግን ፍርድ ሆኖ ቀረ። ሲኒማ ከቴአትር «ነጻ የሚወጣ» ጥበብ ሆኖ ሲታይ ሜሊየስ ገና ያልተፈታ እስረኛ ይሆናል።

ከ1980ዎቹ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ይህን ሚዛን ለውጠውታል። ቶም ገኒንግና አንድሬ ጎድሮ የመጀመሪያው ዘመን ሲኒማ ያልበሰለ ትረካ ሳይሆን ማሳየትን ዓላማው ያደረገ ሌላ ሥርዓት መሆኑን አስረድተዋል። በሌላ በኩል የተረፉትን የፊልም ጥቅሎች በእጃቸው ይዘው የመረመሩ ሰዎች አንድ አስገራሚ ነገር አገኙ። ሜሊየስ ራሱ ሲናገር ስወራው የተገኘው ካሜራውን በማቆምና ዕቃውን በመለወጥ ነው ይል ነበር። ጥቅሎቹ ግን በየስወራው ቦታ ፊልሙ ተቆርጦ መቀጠሉን ያሳያሉ። ይህም ማለት «የማይነቃነቅ» የተባለው ሰው በመቁረጥና በመቀጠል የተካነ ነበር ማለት ነው። ልዩነቱ በዓላማው ላይ ነው። ግሪፊዝ የቆረጠው አንዱን ቦታ ከሌላው ጋር ለማሳየት ነው፤ ሜሊየስ የቆረጠው መቆረጡ እንዳይታይ ነው። የምትሃተኛ ሙያ እጁ ሲሠራ አለመታየቱ ነውና ሜሊየስ በሙያው እጅግ የተሳካለት በመሆኑ ሐያሲያን ሙያ የሌለው አድርገው ቆጠሩት።

ከዚህ የምንማረው ለሥነጽሑፍ ታሪክም የሚጠቅም ነው። አንድን ቀደምት ሥራ ከእርሱ በኋላ በመጣው ቅርጽ ስንለካው የምናገኘው ጉድለት ብቻ ነው፤ መለኪያው ራሱ ጉድለትን እንዲያገኝ ሆኖ ተሠርቷልና። ገጸባህርይ በውስጣዊ ግጭት አልዳበረም፣ ሴራው በምክንያትና ውጤት አልተሳሰረም ማለት ሥራው ያልገባውን ውል አላከበርክም ብሎ መክሰስ ነው። ሐያሲ ከመፍረዱ በፊት መጠየቅ ያለበት ሥራው ከታዳሚው ጋር የገባው ውል ምን ነበር ብሎ ነው።

ይህን ስል ግን ሜሊየስን ከወቀሳ ሁሉ ነጻ ማውጣቴ አይደለም። ውሉ ከሁለት ወገን ነው። ታዳሚው ሲለወጥ ነጋሪው ውሉን ማደስ ነበረበት። በ1912 የሠራው በ1902 የሠራውን ነው፤ በአሥር ዓመት ውስጥ የተለወጠው የጭራቁ መጠን እንጂ የነገሩ አነጋገር አይደለም። ሥራውን ሁሉ በአንድ እጁ መያዙ ለሥራው አንድነት ቢሰጠውም ሌላ ዓይን፣ ሌላ ሐሳብ እንዳይገባበት በሩን ዘግቶበታል። ለዚህም ነው የአሠራሩን ሥርዓትና የአተራረኩን ስልት ለይቶ መፍረድ አይቻልም ያልነው።

7. ማጠቃለያ

ተረት ነጋሪ ሲጨርስ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላል። በዚህች አነጋገር ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው የተሰጠው ተረት ይመለስልኝ የሚል ነው፤ ሁለተኛው ለነገርኩት ዳቦ ይገባኛል የሚል ነው። የስታር ፊልም ታሪክ የነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ታሪክ ነው ቢባል አይሳሳትም። ሜሊየስ ተረቱን ሸጠ እንጂ አላዋሰም፤ ስለዚህ አልተመለሰለትም። ሌሎች ከቅጂው ቅጂ አውጥተው ሲበሉ ዳቦው ሳይደርሰው ቀረ። ፓቴ ግን ተረቱ መመለስ እንዳለበት አወቀ፤ ነገር ግን ተረቱን ካስመለሰ በኋላ ከነጋሪው ይልቅ መጋዘኑን አከበረ።

ከ500 በላይ ከሚሆኑት የስታር ፊልም ሥራዎች ዛሬ ለመኖራቸው ማረጋገጫ የተገኘላቸው 200 ገደማ ናቸው። ከነዚህም አብዛኞቹ የተረፉት በየአገሩ የነበሩ ገዥዎች በሳጥን ውስጥ ስላቆዩአቸው ነው። በ1993 በባርሴሎና የተገኘውና ከረጅም ጥገና በኋላ በ2011 በካን የፊልም በዓል የታየው ባለቀለም የ«ጉዞ ወደ ጨረቃ» ቅጂም እንዲሁ ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ድርጅቱን ያከሰረው የቅጂዎች ከባለቤታቸው እጅ ወጥቶ መበተን ሥራዎቹን ከእሳት ያዳናቸው ሆነ። በደራሲው እጅ የቀሩት ተቃጥለዋል፤ ከደራሲው እጅ የወጡት ቆይተዋል።

ስለዚህ የአንድ ድርጅት ውድቀት የሥራዎቹ ውድቀት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም፤ የሥራዎቹ መቆየትም ለድርጅቱ ተገቢው ተከፍሎታል ማለት አይደለም። የሐያሲ ድርሻ እነዚህን ሁለት ሒሳቦች ለየብቻ ይዞ፣ በየትኛው ቦታ እንደሚገናኙ ማሳየት ነው። ሜሊየስን በተመለከተ የሚገናኙት በሞንትሮዩ መስታወት ቤት ውስጥ፣ በአሮጌ መድረክ ልክ በተሠራው አዲስ ወለል ላይ ነው። ያ ወለል ጥበቡን ወሰነለት፤ ጥበቡም ዕድሜውን ወሰነለት።